ከአዲ አርቃይ የመጡ ስድስት ብርሌዎች

ቅዳሜ መጋቢት 12 ቀን 2007 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ባለው የሐጂ ኡዘይር የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ነገር በየቦታው ነበር። በላይኛው መደርደሪያ አሥራ አንድ ፋኖሶች፣ በመካከለኛው አራት ሬዲዮኖች፣ በታችኛው አንድ የሸክላ ማጫወቻና ሁለት የግድግዳ ሰዓቶች ተደርድረዋል። ከሰዓቶቹ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ከመግቢያው ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ በቃጫ ገመድ የታሰረ የእንጨት ሣጥን ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሐጂ በፌስቡክ አይተው ከአዲ አርቃይ ያዘዟቸው ስድስት አሮጌ ሰማያዊ ብርሌዎች ያሉበት ሣጥን ነው። እርሳቸው አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውሉ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው ሷሊሕ ለሶላት ሊጠሯቸው ሲገቡ፣ ሐጂ ኡዘይር በጀርባቸው ተዘርግተው አገኟቸው። የጭንቅላታቸው የኋላ ክፍል በመግቢያው የሲሚንቶ ደረጃ ጠርዝ ላይ ነበር። አይተነፍሱም። ሣጥኑ እንደታሰረ ነው።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሸዋአየሁ ስትደርስ ወዲያው አልገባችም። ደጃፉ ላይ ቆማ አምስት ደቂቃ ያህል ሱቁን አየች።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት ረዳቷ ሳጅን አዳሙ። «ሣጥኑን ከመናኸሪያ በባጃጅ ያመጣው የእህታቸው ልጅ አኒስ ነው። ሲያወርድ ጮኸውበታል፤ ጎረቤት ሰምቷል። ስሚውማ።» ሣጥኑን ነቅነቅ አደረገው። ውስጡ ተንሿሿ። «ይኸው። ሰበረባቸው፣ ተጣሉ፣ ገፈተራቸው።»

«ሣጥኑ ታስሮ ሳለ መሰበሩን ሐጂ በምን አወቁ?»

«እኔ እንዳወቅሁት ነዋ! ነቅንቀው።»

«እንግዲያው አንተ ሁለተኛ አትነቅንቀው።»

አኒስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተያዘ። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ በአጎቱ ግድያ ተጠርጥሮ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

እሑድ ከቀብር መልስ እናቱ ሙሚና ጣቢያው በር ላይ ቆመው ኢንስፔክተሯን ጠበቋት። እንባ አልነበራቸውም። ድምፃቸውም ከፍ ዝቅ አላለም።

«ወንድሜን ዛሬ ቀበርሁ። ልጄንስ ነገ ልትወስጅብኝ ነው?»

«እስከ ነገ አራት ሰዓት ጊዜ አለኝ፣ እማማ ሙሚና።»

«እኔ ምንም የለኝም» አሉና እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጡ።

አኒስ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። የተሰጠው ውሃ እንደተቀዳ ፊቱ ተቀምጧል።

«አጎትህ ምን ብለው ጮኹብህ?»

«‹ይኼ ድንጋይ መሰለህ?› አሉኝ። ሳወርደው ዱብ አድርጌ ነበር ያስቀመጥሁት።»

«ተሰብሮ ነበር?»

«ወዝወዝ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ሳቁ። ‹የእናትህ ዱዓ አተረፈህ፣ ሂድ› አሉኝ። ሄድሁ።»

«ይህን ለሳጅን ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹ምስክርህ ሞቷል› አለኝ።»

ቀጥላ ሷሊሕን ጠየቀች። «ሐጂ ዕቃ ሲመጣላቸው ገመዱን ይቆርጡታል?»

ሷሊሕ ፈገግ አሉ። «ሐጂ? ገመድ? አርባ ዓመት ስንጎራበት ገመድ ሲቆርጡ አላየሁም። ይፈቱታል፣ ይጠቀልሉታል፣ ያኖሩታል። ‹የሐጂ ቀበቶ እንኳ የሸቀጥ ገመድ ነው› እያልን እንስቅባቸው ነበር።» ከዚያ ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ።

ሸዋአየሁ ሣጥኑን የከፈተችው ብቻዋን ነው። ገመዱን ከቋጠሮው ራቅ አድርጋ በመቀስ ቆረጠችው፤ ቋጠሮውን አልነካችም። ሣጥኑ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ አቧራ ለብሶ ስለመጣ ገመዱ ቀልቷል። ከቋጠሮው አንድ ስንዝር ርቆ ግን ሦስት ጣት የሚያህል ነጭ ቦታ አለ። ለካችው፤ ጻፈችው። ቀጥላ ብርሌዎቹ የታሸጉበትን ጭድ በትንሽ በትንሹ እያነሳች ጋዜጣ ላይ ዘረጋችው። ደቃቁ ስባሪ ከላይ እስከ አራት ጣት ጥልቀት ድረስ ነበር። ከዚያ በታች ጭዱ ንጹሕ ነው። ትልልቆቹን ስብርባሪዎች አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ያዘቻቸው።

ከሰዓት በኋላ የብርሌዎቹ ሻጭ ክንዱ ለቅሶ ደረሰ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ለስሜን ተራራ ጎብኚዎች በቅሎ የሚጭን ሰው ነው።

«ሐጂ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ደውለውልዎታል፣ አያ ክንዱ።»

«አዎ ልጄ። ‹ደረሰልኝ› አለኝ፤ ‹ሸጋ ነው› አልሁት። ደባርቅ ገበያ ነበርሁ፣ በቅሎ ስገበያይ። ዛሬ መሞቱን ብሰማ ተሳፍሬ መጣሁ።»

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙሚና በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ሷሊሕ መደርደሪያውን ተደግፈው ቆሙ። አኒስ እጁ በካቴና ታስሮ ከሳጅን አዳሙ ጎን ነበር። ክንዱ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ሣጥኑን መንገድ ላይ የከፈተው ሰው ይኖር ይሆናል» አለች ሸዋአየሁ። «አያ ክንዱ፣ እስቲ ቋጠሮውን ይዩልኝ።»

ክንዱ ጎንበስ ብሎ አየ። «የኔው ነው። የአጋሰስ ጭነት ቋጠሮ፣ አባቴ ያስተማረኝ። ማንም አልከፈተውም።»

«ሌላ ሰው ፈትቶ አስመስሎ ሊያስረው አይችልም?»

«ምነው ልጄ! ቢፈታው እንኳ መልሶ አይቋጥረውም። እንኳን የከተማ ሰው፣ የገዛ ልጆቼ አቅቷቸው ትተውታል።»

«ጻፈው» አለችው አዳሙን። ከዚያ ጭዱን የዘረጋችበትን ጋዜጣ ወደ መካከል ሳበች።

«ብርሌዎቹ ሊማሊሞ ላይ ተሰብረው ቢሆን ኖሮ፣ ደቃቁ ስባሪ ያን ሁሉ መንገድ ሲንገጫገጭ በጭዱ መካከል ሾልኮ ሣጥኑ ወለል ላይ ይገኝ ነበር። ያለው ግን ከላይ ነው። ሳጅን ነቅንቆት እንኳ ከአራት ጣት አላለፈም። ስለዚህ የተሰበሩት ጉዞው ካበቃ በኋላ ነው።»

«አኒስ ሲያወርደው ቢሆንስ?» አለ አዳሙ።

«ለዚያ ገመዱን እይ። አቧራ ቋጠሮ ውስጥ አይገባም፤ ውስጥ ያለው ገመድ ንጹሕ ይቀራል። እዚህ ንጹሑ ከቋጠሮው ውጭ ነው።» ቋጠሮውን በሁሉም ፊት አላላችው። ውስጡ ቀይ ነበር። «ሣጥኑ ጎንደር ከገባ በኋላ ተፈቷል፤ ተመልሶም ታስሯል። የፈቱት ሐጂ ናቸው፤ ገመድ አይቆርጡም። መልሶ ማሰር የሚችለውን ሰው ደግሞ አሁን ከአያ ክንዱ አፍ ሰማን።»

ክንዱ እጆቹን ወደ ጋቢው ውስጥ አስገባ።

«ሐጂ ከፍተው ያዩትን እኔም ስባሪው ላይ አየሁት» ብላ ቀጠለች። «በሁለቱም ጎን የቅርጽ መጋጠሚያ መስመር አለው፤ የፋብሪካ ሥራ ነው። አያ ክንዱ፣ እርስዎ ፌስቡክ ላይ ያሳዩዋቸው ብርሌዎች በአፍ የተነፉ ናቸው፤ መስመር የላቸውም። የላኩት ሌላ ነው። ስለዚህ ሐጂ ደወሉልዎት። ገመዱን ካየሁ በኋላ የአውቶቡሱን ረዳት ጠየቅሁት፤ ቅዳሜ ከሣጥንዎ ጋር አብረው መጥተዋል። ደባርቅ አልነበሩም። ሐጂ ከሞቱ በኋላ ብርሌዎቹን እዚያው ጭዱ ውስጥ ያደቀቋቸው አዲስነታቸው እንዳይታወቅ ነው። ያሰሩትም መንገድ ላይ ተሰበሩ እንዲባል።»

ክንዱ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«አሮጌዎቹ ነበሩኝ» አለ። «ከአምባው ስናወርድ በቅሎዋ ተንሸራታ ከነጭነቷ ወደቀች። አንድም አልተረፈ። ቃል ግን ሰጥቻለሁ፤ አምሳያቸውን ገዝቼ ላክሁ። ሐጂ ሲደውል እዚሁ ከተማ ነበርሁና ሱቁ መጣሁ። እሱ ‹ፎቶህን ለጥፌ አገር እንዲያውቅህ አደርጋለሁ› አለኝ። እኔን ጎብኚ የሚያምነኝ በስሜ ነው። ስልኩን ልቀበለው ስል ገፋሁት። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ተሰበሩ ብትለው ምን ነበረበት?» አሉ ሷሊሕ። «‹ተሰበረብኝ› ያለውን ሰው ኡዘይር መቼ አስቀይሞ ያውቃል?»

ሙሚና ክንዱን አላዩትም። ለአዳሙ «የልጄን እጅ ፍታልኝ» አሉት።

አኒስ በዚያው ዕለት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ በነጻ ተለቀቀ። ከጣቢያው እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። እናትና ልጅ በእግራቸው ሄዱ፤ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ፈጀባቸው።