በገናው አደባባይ የወጣ ቀን

በ1977 ዓ.ም. የነሐሴ ወር ሲያልቅ የጣና ውኃ ከዳርቻው አልፎ የሽምብጥ ሰፈርን ደንገል ውጦት ነበር፤ ዓባይም ከሐይቁ አፍ ጭቃ ለብሶ ይወርድ ነበር። በባሕር ዳር ግን ስለ ውኃው የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ የሚወራው ለአብዮቱ በዓል ስለሚተከለው መድረክና ለብሔራዊ ውትድርና ስለሚታፈሱት ወጣቶች ነበር።

በሐይቁ አጠገብ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ውዴና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። መሪጌታ በጾም ወራት በገና የሚደረድሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ፤ ወይዘሮ ውዴ በዘመድ ሠርግ ላይ ግጥም ያወርዱ ነበር፤ የበኩር ልጃቸው አዘዘ በቀበሌው የኪነት ቡድን ክራር መቺ ነበር፤ ታናሺቱ ሰገነት ደግሞ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ የአባቷን በገና ከአባቷ ሳታንስ ትደረድር ነበር። በዚያ ቤት ልጅ አፉን ሳይፈታ ጆሮው ይፈታ ነበር።

አዘዘ ከልምምድ ሲመለስ መንገድ ላይ ታፈሰ፤ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የእህል መጋዘንም ከሌሎች ጋር ተዘጋበት። በማግስቱ የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው እቤታቸው መጣ።

«መሪጌታ፣ የመጣሁት ለበጎ ነው» አለ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ። «ለበዓሉ ከላይ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ ነባር የዜማ መሣሪያ እንድናቀርብ ታዘናል። ሰገነት በገናውን ይዛ ትውጣ፤ የተጻፈላትንም ግጥም ትበል። የአዘዘን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«በገና የጸሎት ዕቃ ነው» አሉ መሪጌታ። «በጭብጨባና በፉጨት መካከል አይደረደርም። ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ የቄስ ልጅ ነዎት።»

«ስለማውቅ ነው በልመና የመጣሁት።»

ወይዘሮ ውዴ ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። «ኃጢአቱን እግዜር ይቅር ይለናል። ልጄን ግን ማን ይመልስልኛል?»

መሪጌታ ወደ ሰገነት ዞሩ። «በገናው የኔ ነው፤ ጣቱ ግን ያንቺ ነው። ሂጂም አልልሽ፣ ቅሪም አልልሽ።»

«እሄዳለሁ፣ አባባ» አለች ሰገነት።

መስከረም ሁለት ቀን አደባባዩ በሰልፈኛ፣ በቀይ ጨርቅና በከበሮ ሞልቶ ሳለ ሰገነት በመድረኩ መካከል ተቀምጣ በገናውን አቀፈች፤ ጣቶቿን አውታሮቹ ላይ አሳረፈች፤ የተጻፈላትን ግጥም ግን አንድም ቃል አላለችም። ያ ወፍራም ድምፅ ብቻውን በድምፅ ማጉያው ወጣ። ከሕዝቡ መካከል እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንገታቸውን ደፉ፤ ሙስሊሞቹ የጨርቅ ነጋዴዎችም ከመደብራቸው ደጅ ቆመው አዳመጡ፤ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ጓድ አንዳርጋቸው ግጥሙ መቅረቱን ሲያይ ወዲያው ወደ እንግዶቹ ጎንበስ ብሎ «ለአብዮቱ ሰማዕታት የኀዘን ዜማ ነው» አለ፤ እንግዶቹም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙ።

አንዳርጋቸው ቃሉን ጠበቀ። ሳምንት ሳይሞላ አዘዘ ጢሙን አሳድጎ፣ ተርቦ እቤቱ ገባ፤ ወይዘሮ ውዴም በደስታ ደጅ ለደጅ ሮጡ።

በማግስቱ ጠዋት ከጎረቤት ልቅሶ ተሰማ። የእትዬ ዘይነት ልጅ ሙሀመድአወል የእናቱን የጨርቅ መደብር ሲከፍት ተይዞ ሄዶ ነበር፤ ከመጋዘኑ አንድ ሰው ስለጎደለ ቁጥሩ መሞላት ነበረበት። ዘይነት ዓይናቸው አብጦ ወደ መሪጌታ ቤት ገቡና አዘዘን አዩት።

«እንኳን አላህ አወጣህ፣ ልጄ» አሉት። «ማንንም ልወቅስ አልመጣሁም። አንተ እዚያ ስለነበርህ ልጠይቅህ ብዬ ነው፤ ሲመሽ ብርድ ልብስ ይሰጧቸዋል ወይ?»

አዘዘ እስከ ደጅ ሸኛቸው። እሳቸው ከወጡ በኋላ ጫማውን አሰረ፤ ሰገነት ግን በሩን ዘግታ ቆመች።

«የት ልትሄድ ነው? እኔ በገናውን ያወጣሁት ላንተ ነው! የአባባን ፊት እያየሁ ነው የወጣሁት!»

«አውቃለሁ፤ ውለታሽ አይጠፋኝም። ግን ነገ እትዬ ዘይነት በደጃችን ሲያልፉ ምን ብዬ ሰላም ልበላቸው?»

እጇ ከበሩ ላይ ወረደ። አዘዘ እናቱን እንኳ ሳይሰናበት ወደ መጋዘኑ በእግሩ ሄደና «በኔ ምትክ የያዛችሁትን ልጅ ልቀቁት፤ እነሆ መጥቻለሁ» አላቸው ጠባቂዎቹን። የጥበቃው አዛዥ ሳቀ። «እንግዲያ ሁለት ሆናችኋላ! ይኸ ይሻላል» አለና ሁለቱንም በአንድ መኪና ጭኖ ወደ ሰሜን ሰደዳቸው።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ የደርግ ሠራዊት በፈረሰ ጊዜ፣ ሙሀመድአወል እያነከሰ ባሕር ዳር ገባ፤ ከእናቱም ቤት በፊት ወደ መሪጌታ ቤት ሄደ። መሪጌታ አርፈው ነበር። ከወይዘሮ ውዴ እግር ሥር ተንበርክኮ ተናገረ፤ በተመታበት ቀን አዘዘ በጀርባው አዝሎ ከገደል እንዳወጣው፣ ሌላ ቁስለኛ ለማምጣት ተመልሶ እንደ ወረደ፣ እንዳልወጣም። በዚያ ልቅሶ እትዬ ዘይነት ከወይዘሮ ውዴ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ለቀስተኛውም የሟቹ እናት ማን እንደ ሆነች ለመለየት እስኪቸገር ድረስ አብረው አነቡ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስንት ሺህ ወጣት እንደ ዘመተና የትኛው ከተማ መቼ እንደ ተያዘ መርምረው ጽፈዋል፤ ማንም ሳያስገድደው ወደ መጋዘኑ የተመለሰውን ክራር መቺ ግን የጻፈው የለም። ሰገነትም በገናውን አደባባይ በማውጣቷ ደግ ወይም ክፉ ማድረጓን አባቷ ሳይነግሯት ስለ ሞቱ ሳታውቀው ቀረች። በስተርጅናዋ በገና ስታስተምር ከደቀ መዛሙርቷ አንዷ፣ «እማማ፣ አደባባይ ወጥተው ደርድረው ያውቃሉ?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«አንድ ጊዜ ወጥቻለሁ» አለች ሰገነት። «ወንድሜን አስመለስሁበት።»

«ተመለሰ?»

«አዎ፤ ተመልሶ ነበር» አለችና የልጅቱን ጣት ይዛ ከአውታሩ ላይ አስተካከለችላት።