የጌትነት መላጊያ

እኔ ሰው «ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ሲለኝ፣ «እኔ ጋ ከመጣማ መዶሻ አቀብለኝ እለዋለሁ» ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ጂን በሉት ዛር በሉት ለእኔ የሥራ ፈት ወሬ ነበር፣ አሁንም ቢሆን አመንኩ አልልም፣ ግን ወዳጄ፣ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው ደግሞ የሰማሁት።

ጅቡቲ ከተማ ከገባሁ ዘመን ሆኖኛል፣ ወደብ አካባቢ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፣ ከሥራ መልስ ካርቲየ 5 የሚሉት ሰፈር ባለችው ቤቴ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ እንጨት እነካካለሁ፣ ለእንጀራ አይደለም፣ ንዴታም ስለሆንኩ ንዴቴን እንጨቱ ላይ እንድወጣው ነው። ስጀምር ሁሉ ነገሬ በኤሌክትሪክ ነበር፣ መጋዙም መላጊያውም መብሻውም፣ ከምሳ በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል እኔ ማሽኔን አስጮኻለሁ፣ ጎረቤት በሦስት ቋንቋ ይሰድበኛል፣ ሙቀቱ ሲጠና ደግሞ መብራቱ ይጠፋና የጀመርኩትን ጣውላ ይዤ እቀመጣለሁ።

ከዚህ ያላቀቀኝ ጌትነት ነው። ጌትነት የኮምቦልቻ ልጅ፣ አናጺ፣ ወደ የመን የሚሻገርበት ጀልባ እስኪገኝለት እኔ ቤት ያረፈ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ እጅህ እንጨቱን ሳያውቀው ማሽኑ ጨረሰው እኮ» ይለኝ ነበር እየሳቀ። ግራኝ ነው፣ ከጠረጴዛው በግድግዳው በኩል ይቆማል፣ እኔ በዚያ በኩል መቆም አልችልም፣ ክንዴ ግድግዳውን ይመታል። አላላጉም የራሱ ዜማ ነበረው፣ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ይገፋና ሦስተኛውን ያረዝመዋል፣ ሸፍ፣ ሸፍ፣ ሸፍፍፍፍ፣ ከዚያ ፍቅፋቂውን እፍ ይላል። እያየሁት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መላጊያዬን ተውኩ፣ ቀጥሎ መብሻውን፣ መጋዙን ብቻ በስንፍና አልተውኩትም ነበር።

የሄደ ቀን የዕቃ ሳጥኑን እጄ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ አደራ፣ የዚህ አገር የባሕር አየር ብረት ይበላል፣ እንዳይዝጉብኝ ሥራባቸው፣ ስመለስ እወስዳቸዋለሁ» አለኝ።

አልተመለሰም። አብሮት የተሳፈረ ልጅ ተርፎ መጥቶ ጀልባዋ ስትገለበጥ ጌትነት ከጎኑ ሲሰምጥ ማየቱን ነገረኝ። ጀልባዋ ላይ ጭኖ የላከው ዘሪሁን ነው፣ ዘሪሁን ከከተማው ዳር ባልባላ፣ ዋራበሌ ሰፈር የሚኖር ሰው አሻጋሪ ደላላ ነው። ይህ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ለልጁ እናት ለእትዬ አሰለፈች ደውሎ «ልጅሽ በሰላም ተሻግሯል፣ ሥራ ላይ ነው፣ ስልክ ከልክለውት ነው» አላት። እኔ እውነቱን ስነግራት «ልጄን በቁሙ የምትቀብር፣ አንተ ሟርተኛ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፣ ዘሪሁን በገዛ አፉ እውነቱን እንዲነግራት።

ይኸው ዘሪሁን አንድ ቀን ጣሪያዬ ላይ ወጣ። «ሚስት ላገባ ነው፣ አንተ እጅህ ጥሩ ነው አሉኝ፣ ደህና አልጋ ሥራልኝ» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ከደረጃው ልወረውረው ነበር፣ ግን አንድ ክፉ ሐሳብ መጣልኝና «እሺ» አልኩት። መጋዜንም ጨምሬ ማሽኖቼን ሁሉ በጆንያ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ፣ የዚህን ሰው አልጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጌትነት ዕቃ ብቻ ልሠራው፣ በላከው ልጅ መላጊያ በተላገ እንጨት ላይ ይተኛና እንቅልፍ ይንሳው! እያንዳንዷን ጣውላ እየረገምኩ ነው የላግኋት፣ አልዋሽህም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሰፈሩ ጭጭ ባለበት ሰዓት፣ ውሃ ልጠጣ ወደ ቤት ወረድኩ። ብርጭቆው አፌ ላይ እንዳለ ከላይ ሰማሁት። ሸፍ፣ ሸፍ፣ ሸፍፍፍፍ። ከዚያ እፍ። ነፋስ ነው እንዳልል ነፋስ የለም፣ ለጥላ የወጠርኩት ሸራ እንኳ አይነቃነቅም ነበር። ሮጬ ወጣሁ፣ ማንም የለም። ሳልልገው ትቼው የወረድኩት የራስጌው ጣውላ ተልጎ አልቋል፣ ፍቅፋቂው ደግሞ በግድግዳው በኩል፣ እኔ በማልቆምበት በኩል ተከምሯል። አንስቼ ጨበጥኩት፣ እርጥብ ነው፣ እመነኝ፣ በዚያ ሐሩር እርጥብ ነው፣ ጣቴን ስቀምሰው ጨው ጨው አለኝ።

መፍራት ነበረብኝ አይደል? ደስ አለኝ። «ጎሽ የእኔ ልጅ፣ ጨርስለት!» አልኩ ጮክ ብዬ።

አልጋው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዘሪሁን ዓይኑ ደም መስሎ መጣ፣ እንደ ድሮው አልተኮፈሰም።

«ምን አድርገህበት ነው?» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ጋደም ባልኩ ቁጥር ከሥሬ ይላጋል። ፍራሹ ውሃ ነው። ሴትዮዋም ጥላኝ እናቷ ቤት ገባች። ውሰድልኝ በእመቤቴ!»

«እወስድልሃለሁ» አልኩት፣ «መጀመሪያ እዚያው አልጋ ላይ ቁጭ በልና ለእናቱ ደውል። እኔ ያልኳትን አንተ በላት።»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔ መላጊያውን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ በቃ፣ አደራዬን ተወጣሁ ብዬ እፎይ አልኩ።

በማግሥቱ እትዬ አሰለፈች ደወለች። ታለቅሳለች ብዬ ስዘጋጅ ድምፅዋ የሠርግ ቤት ድምፅ ነው።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፣ የሰደብኩህን ይቅር በለኝ» አለች። «ያ ሰውዬ ትናንት ደወለ። እያለቀሰ ልጅሽ ባሕር ገብቷል ይለኛል።»

«እትዬ፣ እውነቱን ነው...»

«ዝም በል እስቲ! ከኋላው ልጄ እየላገ ነበር። ግቢዬ ውስጥ እየላገ ያደገ ልጅ እኮ ነው፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም፣ እፍ ሲልም ሰምቼዋለሁ። ለምን እንደደበቃችሁኝ አላውቅም፣ ተጣልታችሁም ይሆናል፣ ብቻ በአውቶቡስም በባቡርም ብዬ ሐሙስ እደርሳለሁ። አንተ ጋ ነው አይደል?»

መላጊያው ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ። ይህን ለእሷ እንዴት ብዬ ላስረዳት? ስንት ቀን የተመኘሁት እውነት ከሰውዬው አፍ ወጣ፣ የወጣ ለታም ልጇን መልሶ አስነሣባት።

አልጋውን አምጥቼ ጣሪያ ላይ አቁሜዋለሁ። ላቃጥለው ክብሪት ይዤ ወጥቼ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ነገ ሐሙስ ነው። ይህን ስጽፍልህ ከላይ እየላገ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ይቸኩላል፣ እንግዳ እንዳለበት ሰው። ነገ እናቱ ደረጃውን ወጥታ ጆሮዋን ስትጥል ዝም ቢል ምን እላታለሁ፣ ዝም ባይልስ?