ሰባት እስኪቆጠር

ፎቶ አንሺው ጋሹ፣ ብርሃን የሚያስቸግረው ሰው አልነበረም፤ እስራኤል ውስጥ የኔታንያ ከተማን ሠርግ ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው፣ ሊያነሳው የተቀጠረበት የወይን ጠጅ መጥመቂያ ግን አሸነፈው። በበሩ የሚገባው ፀሐይ ዓይን ያጠፋል፤ በርሜሎቹ የተደረደሩበት ጓዳ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፍላሽ ቢያበራ የበርሜሎቹ ብረት ያብለጨልጭበታል።

በመጨረሻ በሩን አስዘግቶ አንዲት አምፖል ብቻ አስቀረ። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አድርጎ ጠርሙስ አጣቢዋን የሺሐረግን ከበርሜሎቹ አጠገብ አቆማት።

«ሰባት እስክቆጥር ካሜራው ክፍት ነው፤ እንዳትነቃነቂ። ከተነቃነቅሽ ጭስ ሆነሽ ነው የምትወጪው።»

«መተንፈስስ ክልክል ነው?»

«ቀስ ብለሽ።»

«በል፣ ቁጠር! ሳልሞት።»

ቆጠረ። ሰባት ካለ በኋላም ሁለቱም አልተነቃነቁም።

ከአይሁድ ፋሲካ፣ ከፔሳሕ በኋላ እናቱ ወይዘሮ ትሁኔ ሽማግሌ ይዘው የሺሐረግን ሊለምኑለት ራማት የዲዲም ሰፈር፣ አባቷ ቤት ሄዱ። እንደ አገር ቤቱ የቤተ እስራኤል ወግ ከሁሉ በፊት ዘር ተቆጠረ፤ ሰባት ቤት ያልሞላው አይጋባም።

አባቷ አቶ ዘመዱ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ፣ «አየልኝ፣ የወገራው» አሉ።

ትሁኔ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አንጥረኛው? የእኛም ስድስተኛ እሱ ነው።»

«እንግዲህ እኅትና ወንድም ናቸዋ» አሉ አቶ ዘመዱ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የባሰውም ይኸው ነው።

«አንዲት ቤት እኮ ናት የጎደለችው!» አላት ጋሹ በስልክ። «የረቢዎቹ ቢሮ፣ ራባኑቱ፣ ይፈቅድልናል።»

«ራባኑቱ አባቴን አያውቀውም። ወደዚህ ሲመጣ ሱዳን በረሃ ላይ እናቱን ሲቀብር እንኳ ሥርዓቱን አላጎደለም። እኔ ላጉድልበት?»

በወይን ለቀማ ሰሞን የመጥመቂያው ባለቤት አዲሶቹን በርሜሎች ፎቶ እንዲያነሳ ጠራው። የሺሐረግ እዚያው ቆማ ጠበቀችው።

«ዛሬ ሥራ እለቃለሁ። አንድ ጊዜ አንሳኝና ልሂድ።»

በሩን ዘጋ። ካሜራውን ከፈተ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እንባዋ ሲወርድ እንኳ አልተነቃነቀችም። «አራት፣ አምስት፣ ስድስት…»

ሰባትን አልጠራም።

ጠበቀችው። አምፖሏ ብቻ እዝዝ ትላለች። በልቡ፣ «ጌታዬ፣ ቆጠራውን እዚህ ላይ አቁመው» እያለ ይለምን ነበር።

«ቁጠር እንጂ» አለችው በመጨረሻ። «ቁጠር፣ ወንድሜ።»

አልቆጠረም። እሷም ሄዳ በሩን ከፈተችው።

ካሜራው እንደተከፈተ ነበር። የገባው ፀሐይ በርሜሎቹንም እሷንም በላቸው። ፎቶው ላይ የቀረው ነጭ ብቻ ነው።