የጉርምርምታው ቦታ

ጓደኞቿ ሽቦ የሚሏት ልጅ ማዳመጫውን አውልቃ ገመዱን መረመረች። ደህና ነው። መልሳ አጠለቀችው። ከጀልባዋ ሥር ከተንጠለጠለው የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን የሚመጣው ግን የማዕበሉ ሽውታ ብቻ ነበር።

«ተበላሽቶ ይሆናል» አለች ጓደኛዋ ሚጢጢ፣ መቅዘፊያውን እንደያዘች።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቦታ፣ ልክ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ዓሦቹ ጉድ አሰኝተዋቸው ነበር። ድም ድም፣ ጉርምርም፤ የተጣላ ሰፈር ይመስል! ሁለቱ ጓደኛሞች አንዱን ማዳመጫ እየተሻሙ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። የሳይንስ ክበባቸውን የሚረዱት የባሕር ተመራማሪዋ ቀረጻውን ሲሰሙ ግን አልሳቁም።

«እንቁላል ለመጣል የተሰበሰቡ ናቸው። ወንዶቹ ሴቶቹን እየጠሩ ነው። ልጆች፣ ቦታውን ለማንም እንዳትናገሩ። መረብ ከገባ አለቀላቸው።»

ሚጢጢማ «እናቴ ትሙት!» ብላ ምላ ነበር።

ሽቦ ቀና አለች። «ለማን ነገርሽው?»

«ምኑን?»

«ሚጡ፣ አትቀልጂብኝ።»

ሚጢጢ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። «ለወንድሜ። ሁልጊዜ ባዶ መረብ ይዞ ሲመለስ ፊቱን ማየት አቃተኝ። ትንሽ ብቻ ነው የምወስደው ብሎኝ ነበር።»

ሽቦ ትናንት ወደቡ ላይ ያየችው ትዝ አላት። ሆዳቸው በእንቁላል የተወጠረ ዓሦች በሣጥን በሣጥን ሲራገፉ፣ ሚጢጢ ክንዷን ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። «ዛሬስ ቀናቸው» ብላ ፈገግ እንኳ ብላለች። ዛሬም እዚህ ድረስ አብራት ቀዝፋ፣ ባዶ ባሕር ስታዳምጥ ዝም ብላ አየቻት። ለወንድሟ መንገሯን ሽቦ ምናልባት ይቅር ትላት ይሆናል። ይሄኛው ግን አንጀቷን አሳረረው።

በዚህ መሃል አንድ ድምፅ መጣ። ድም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድም። መልስ የሰጠው የለም።

ሽቦ ማዳመጫውን አውልቃ ዘረጋችላት። «እንኪ፣ ስሚው።»

ሚጢጢ አዳመጠች። «ማሽኑ ተበላሸ እንበላቸው፣ እባክሽ ሽቦዬ። ወንድሜ ጉድ ይሆንብኛል።»

ሽቦ ማይክሮፎኑን ጎትታ አወጣች፤ መቅዘፊያውንም ተቀብላት እስከ ዳር ድረስ ራሷ ቀዘፈች።

ተመራማሪዋ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃው ዳር ይጠብቁ ነበር። «እሺ ጀግኖች! እንዴት ነው፣ ማሽኑ ሠራ?»

ሚጢጢ በእጇ የሽቦን ሹራብ ከኋላ ጨመደደች።

«ሠርቷል» አለች ሽቦ። መቅጃውን አቀበለቻቸው። ሹራቧን ቀስ ብላ አስለቀቀችና፣ የጓደኛዋን እጅ እንደያዘች ወደ እሷ ዞረች። «የቀረውን አንቺ ንገሪያቸው። እኔ የትም አልሄድም።»