አረንጓዴው ስፖንጅ

የፍሥሐ ሬሳ የተገኘው ከአንዲት ላንድክሩዘር የፊት ግራ ጎማ አጠገብ ነው። በጀርባው ተንጋሏል፤ ቀኝ እጁ ከባዱ የፖሊሽ ማሽን ላይ አርፏል፤ የማሽኑ ገመድ አንድ ቦታ ላይ ተልጦ መዳቡ አፍጥጧል፤ የተላጠው ቦታም ሲሚንቶው ላይ በቆመ ውኃ ውስጥ ተነክሯል። ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነበር።

አይ ጂንካ! ሐኪሙ ጓንቱን ሳያጠልቅ ከተማው የሞቱን ምክንያት አውቆ ጨርሶ ነበር። «ኤሌክትሪክ ነው» አለ የባጃጁ ሹፌር። «ኤሌክትሪክ ነው» አለች ቲማቲም ሻጯ። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስም የሰማውን ጻፈ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሶኬቱን ማን ዘረጋው? ያቤጽ። ያቤጽ ማን ነው? የሟቹ እህት የሣራ እጮኛ። ሠርጋቸው መቼ ነው? በመጪው እሑድ። መኪናዋም የምትወለወለው ለዚያው ሠርግ ነበር።

ሳይመሽ ያቤጽን አሰሩት። ሣራ ወንድሟን አጣች፤ ሰው የሚለው እውነት ከሆነ ደግሞ ልታገባው የነበረው ሰው ወንድሟን ገድሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ለጠላትም አይስጥ።

ኢንስፔክተር ዳርጌ ሐሙስ ጠዋት ከቀይ አፈር ተመልሶ በቀጥታ ፍሥሐ መኪና እየወለወለ ወደሚተዳደርበት ግቢ መጣ። ዳርጌ የአሪ ተወላጅ፣ ጡረታ ደጁ ላይ የቆመበት፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚያ መንገድ ሲመላለስ ከርሟል። አንድ የበና ሽማግሌ ከሐሙስ ገበያ ሲመለሱ መኪና ገጭቶ ገድሏቸው፣ ገጪው ሳይቆም ሄዷል። ከቦታው የተገኘችው የሽማግሌው በርኮታ ብቻ ነበረች፤ ያቺ የሚቀመጡባትና ራሳቸውን የሚያሳርፉባት ትንሽ እንጨት፣ ተሰንጥቃ፣ ጠርዟ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ታክኮባት። ዳርጌ በርኮታዋን ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በየጠዋቱ ያፈጥባታል። ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ እሱ ግን አይስቅም።

አሁን በግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር የቆመችውን ላንድክሩዘር ሲያይ ልቡ ድንግጥ አለ። ጥቁር አረንጓዴ ነች።

«የማን ናት?» አለ።

«የአቶ ፋሲል» አለች አብራው የመጣችው ሳጅን ኤልሳ። «ቱሪስት የሚያመላልሱት። ለሠርጉ አውሰዋቸው ነው።»

ዳርጌ መኪናዋን ዞራት። ኮፈኗ ፊት ያሳያል። የፊት ግራ ፓራፋንጎዋ፣ ከጎማው በላይ ያለው ብረት፣ ግን የፖሊሽ ቅባት ነጠብጣብ ደርቆበታል፤ ነጠብጣቡ መስታወቱም ላይ፣ የማንጎው ግንድ ላይም ዘልሏል። ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀለሙ ተቃጥሎ ብረቱ ብቅ ብሏል።

«ኤልሳ፣ የሟቹን ሸሚዝ አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ። ከኋላ አንገቱ ላይ ደም አለው። ሐኪሙ ሲወድቅ ሲሚንቶው መትቶት ይሆናል ብለዋል።»

«ከፊት ለፊቱስ?»

«ንጹሕ ነው።»

«ዛፉ ላይ ሳይቀር የተረጨ ቅባት ማሽኑን የያዘውን ሰው ዘለለው? ደግ ቅባት ነው» አለ ዳርጌ። ጎንበስ ብሎ ውኃውን አየ፤ ከዚያ መኪናዋን ዳሰሳት። ጎማዋ ሳይቀር ደርቋል፤ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስም ትናንትም ደረቅ ነበረች ብሏል። ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ፣ ቀለል ያለ ማሽን አለ፤ ስፖንጁ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተለጥፎበታል። ዳርጌ ስፖንጁን አውልቆ በወረቀት ጠቀለለው።

ሣራ ጥቁር ለብሳ የልብስ ስፌት ክፍሏ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሚዜዎቹ ቀሚስ ገና ግማሹ አልተሰፋም።

«ልጄ፣ ረቡዕ ምን ሰማሽ?»

«ምን እሰማለሁ ጋሼ ዳርጌ! የስፌት መኪናው ሲጮህ ሌላ ነገር አይሰማም። ክር ሳስገባ ግን የእሱን ማሽን ሰማሁት። እየሠራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።» እንባዋን ጠረገች። «ብቻ አጯጯሁ እንደ ወትሮው አልነበረም።»

«እንዴት?»

«የእሱ ማሽን ሲነሳ ድፍን ብሎ ነው የሚነሳው። ያን ቀን መጀመሪያ ጮኸ፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት፤ ከዚያ ነው የደፈነው። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። የከተማው የሄደ መስሎኝ በእጄ መስፋት ቀጠልኩ።»

«የጎረቤትስ መብራት?»

ሣራ ቀና አለች። «የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲያወራ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ሞኟ ምነው ያኔ ወጥቼ ባየሁ!»

«ብትወጪ ኖሮ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምናነሳው» አለ ዳርጌ። ይህን ያለው ለማጽናናት ነበር፤ ሣራ ግን የባሰ ደነገጠች።

ያቤጽ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን እያየ ነበር።

«ሰው ገድለሃል ይሉሃል» አለው ዳርጌ።

«ሶኬቱን እኔ ነኝ የዘረጋሁት። ግን ጋሼ፣ ውኃ ከነካው ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር አስገብቻለሁ። ከአርባ ምንጭ ነው ያስመጣሁት። ወርዶ ከሆነ ሥራውን ሠርቷል።»

«ወርዷል። ፖሊሱ ‹ብልሽት› ብሎ ጽፎታል።» ዳርጌ ተቀመጠ። «እስቲ ስለ ማሽኖቹ ንገረኝ። ለምን ሁለት ሆኑ?»

ያቤጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተፈታ። «ከባዱ ባለበት ይሽከረከራል፤ ጉልበተኛ ነው፣ ካላወቁበት ግን ቀለም ያቃጥላል። ቀላሉ እየተሽከረከረ ይንቀጠቀጣል። ቀስ ይላል፤ ስትጫነው ይቆማል እንጂ አያበላሽም። ፍሥሐ ‹እቤቱ ለሚሠራ ሰው ሁለተኛው ይበቃዋል› ነበር የሚለው። ከባዱን ከተቦጫጨረ አሮጌ መኪና በቀር አያነሳውም። እኔንም አስተምሮኛል፤ ስፖንጁን መጀመሪያ መኪናው ላይ አሳርፍ፣ ከዚያ አስነሳ፤ አለዚያ ቅባቱ ይረጭሃል። መኪናው ታጥቦ፣ መሬቱም መኪናውም ካልደረቀ ማሽን አይሰካም ነበር።»

ዳርጌ ወረቀቱን ገለጠ። «ይህስ?»

ያቤጽ ስፖንጁን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ። «ከዚያች መኪና ነው? አይሆንም። የፋብሪካ ቀለም በላዩ መስታወት የመሰለ ሽፋን አለው፤ ስፖንጅ አያቀልምም። ያቀለመው ጋራዥ የተቀባ ቢሆን ነው።»

ፋሲል አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ተገኘ፤ ቱግ ባይ ነው። «መኪናዬን መቼ ነው የምትለቁልኝ? ሰኞ ቱርሚ እንግዳ አለኝ!»

«የሞተውም ሰው ሰኞ ቀጠሮ ይኖረው ነበር» አለ ዳርጌ። «ቀለም አስቀብተዋት ያውቃሉ?»

«እኔ? ከገዛኋት ጀምሮ ብሩሽ ነክቷት አያውቅም። ይህን የሚል ካለ ስም ማጥፋት ነው!»

«ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሌላ ሰው ነድቷታል?»

«ማንም! ... ጥላሁን ጋ የበር ማጠፊያ ሊሠራላት ገብታ ነበር። እኔ በሌላ መኪና ካንጋተን ሄጄ ነበር። አራት ቀን ቆየች፤ ለአንዲት ማጠፊያ አራት ቀን! የኛ አገር ሥራ...»

ጥላሁን የባትላሜራ ባለሙያ ነው፤ የተጋጨ መኪና ብረት ያቃናል፣ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞልቶ ይለስናል፣ ይቀባል። ከፍሥሐ ጋር አብረው አድገዋል፤ አብረው መዘምራን ናቸው። እነ ዳርጌ ሲደርሱ ግራይንደሩን አየር ላይ አስጩኾ ብረቱ ላይ አሳረፈው፤ ብልጭታው ፈሰሰ። ሲያያቸው አጠፋው፤ ቀለም የተረጫጨበትን የሸራ ኮፍያውንም አስተካከለ።

«ፍሥሐ ወንድሜ ነበር» አለ፤ ዓይኑ በእውነት ቀልቷል። «ያቤጽ ገና ልጅ ነው፤ ሳያውቅ ነው ያጠፋው። እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ቶሎ ይቅር ትላለህ» አለ ዳርጌ። «ረቡዕ ደውሎልህ ነበር?»

«ለመዝሙር ልምምድ። በየቀኑ ይደውላል።»

ዳርጌ አመስግኖ ወጣ። ሞተሩ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ሳያስነሳው ቆየ።

«ምነው ጋሼ?» አለች ኤልሳ።

«እጁን አየሽው? ሰው በአፉ ይዋሻል፤ እጅ ግን የለመደውን ነው የሚያደርገው።»

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ፋሲልንና ጥላሁንን ጨምሮ ሁሉንም ፍሥሐ ግቢ ውስጥ ሰበሰባቸው። የገበያው ጫጫታ እስከ ግቢው ይሰማል። ያቤጽ በፖሊስ ታጅቦ መጣ፤ ሣራ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ዳርጌ ገመዱ የተጠገነለትን ከባዱን ማሽን አቧራ የጠገበው የፖሊስ ፒካፕ ኮፈን አጠገብ አስቀመጠ።

«ማሽኑ ጉድለት እንዳለበት ማወቅ እፈልጋለሁ» አለ። «ሦስታችሁም በየተራ ትንሽ ሥሩበት። ሣራ፣ አንቺ ስፌት ክፍልሽ ግቢ፣ መስኮቱን ዝጊ። የረቡዕን ድምፅ ስትሰሚ ውጪ።»

ፋሲል ማሽኑን እባብ የያዘ ይመስል በሁለት ጣቱ አነሳው፤ ኮፈኑ ላይ ጣለው፣ ነካው፣ ማሽኑ ሲደነፋ ለቀቀው። ክፍሉ በር አልተከፈተም። ያቤጽ ስፖንጁን አሳረፈ፣ ከዚያ አስነሳ፤ ድፍን ያለ ድምፅ። በሩ አልተከፈተም።

ጥላሁን ማሽኑን ተቀበለ። ሃያ ዓመት ግራይንደር የያዘ እጅ ነው፤ ከፍ አደረገው፣ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ጮኸ፤ ነጩ ቅባት ደረቱ ላይ፣ አገጩ ላይ ተረጨ። ከዚያ ኮፈኑ ላይ አሳረፈው።

በሩ ተበረገደ። ሣራ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «እሱ ነው! ያ ድምፅ ነው!» አለች፤ ከዚያ ማሽኑን ማን እንደያዘ አየችና አፏን ያዘች።

«ማሽን ሁሉ ይጮሃል!» አለ ጥላሁን። «በድምፅ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«አይታሰርም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ» አለ ዳርጌ፤ አሁንም ድምፁ አልፈጠነም። «መሬቱ እርጥብ፣ መኪናዋ ደረቅ። ፍሥሐ ውኃ ባለበት ማሽን አይሰካም። ስለዚህ ውኃውን ያፈሰሰው ሌላ ሰው ነው፤ የሚታጠብ ነገር ነበረዋ፣ ደም። ቅባቱ ዛፍ ላይ ተረጭቷል፣ የሟቹ ሸሚዝ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ማሽኑ ሲጮህ ፍሥሐ አልያዘውም። ለምን አስጮኽከው? የስፌቱን ድምፅ ሰምተሃል፤ ሣራ ‹ወንድሜ ሲሠራ ነበር› እንድትል ነው። ከዚያ ገመዱን ልጠህ ውኃው ውስጥ ከተትከው። የያቤጽ ብሬከር ወዲያው ቆረጠ፤ የዚህን ቤት መብራት ብቻ። ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ እዚህ ግቢ ውስጥ አልነበረም።»

ያቤጽ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ምን በደለኝና!» አለ ጥላሁን። «ወንድሜ ነው እያልኩህ!»

«ፍሥሐ ሲወለውል ስፖንጁ አረንጓዴ ሆነበት። ፓራፋንጎው እንደተቀባ አወቀ፤ አቶ ፋሲል ደግሞ ተቀብታ አታውቅም ይላሉ። የገባችው አንተ ጋ ብቻ ነው። ከቀይ አፈር የመጣውንም ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ኤልሳ፣ ፋቂው።»

ኤልሳ ፓራፋንጎውን በቢላ ጫፍ ፋቀችው። ከአረንጓዴው ሥር ጣት የሚያህል ስቱኮ ወጣ። ዳርጌ የሽማግሌውን በርኮታ ከቦርሳው አውጥቶ ጎኑ ላይ አስጠጋት። ቀለሙ አንድ ነው። ፋሲል «ወይ ጉድ! በኔ መኪና!» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ኮፍያህን አምጣ» አለ ዳርጌ። «ሐሙስ ነው ያየሁት። ቀለም ቀቢ ኮፍያ ላይ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ማን ይጠረጥራል? ጥሩ መደበቂያ ነበር።» እርጥብ ጨርቅ ወስዶ ኮፍያውን አሸ። ቀዩና ሰማያዊው ነጠብጣብ ንቅንቅ አላለም። ከግንባሩ በላይ ያሉት ነጮች ግን ሟሙተው ጨርቁ ላይ ቀሩ። «ቀለም በውኃ አይለቅም። የፖሊሽ ቅባት ይለቃል። ዛሬ የተረጨህ ደረትህ ላይ ነው፤ ኮፍያህ ላይ ያለው የረቡዕ ነው።»

ጥላሁን መሬቱ ላይ ተቀመጠ። የተናገረው ለሣራ ነበር።

«ማጠፊያውን ልሞክር ብዬ ነው የወጣሁት። ሽማግሌው ድንገት መንገድ ገቡ። ፈራሁ። ... ፍሥሐ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ለፖሊስ አልነገረም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም አልነገረም። ‹ወንድም ሲያጠፋ መጀመሪያ ለብቻው ነው የሚነገረው፤ እስከ እሑድ ራስህ ቀይ አፈር ሄደህ ለሟቹ ቤተሰብም ለፖሊስም ንገር፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ› አለኝ። ፓራፋንጎውን ሊያሳየኝ ጎንበስ ሲል በመፍቻ መታሁት።»

«አብሬህ እሄዳለሁ እያለህ?» አለች ሣራ።

ጥላሁንን በካቴና ወሰዱት። የያቤጽን እጅ ፈቱለት። ወደ ሣራ ሄዶ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ ለመቅረብ ፈራ።

«አራት ቀን ሙሉ ጠላሁህ» አለች ሣራ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አራት ቀን ሙሉ!»

«እኔም ራሴን ጠልቼ ነበር» አለ ያቤጽ፤ ያኔ አቀፈችው፣ ሁለቱም አለቀሱ። ኤልሳ ፊቷን ወደ ማንጎው አዞረች።

ዳርጌ በርኮታዋን ሊጠቀልል ሲል ሣራ እንባዋን ጠርጋ መጣች።

«ጋሼ፣ ለሽማግሌው ቤተሰብ ማን ነው የሚነግረው?»

«ሰኞ እኔው እሄዳለሁ። ይቺንም ለልጃቸው እመልሳለሁ።»

«እንግዲህ ሠርጉ ይቆያል» አለች ሣራ፤ ያቤጽ ራሱን ነቀነቀ። «እኛም አብረን እንሄዳለን። ፍሥሐ እስከ እሑድ እዚያ ሊሄድ ነበር፤ ለቅሶውን እኛ እንድረስለት።»

ዳርጌ በርኮታዋን ሣራ እጅ ላይ አስቀመጠና፣ መኪናው ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደሚነሳ ነገራቸው።