አሥራ አራቱ አንጓዎች

ሉባባ ጠዋት ሥራዋን የምትጀምረው መስኮቱን በመክፈት ነበር። በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲያለብሳት፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ቢሮዋ በረጠበ ወረቀትና በአልኮል ሽታ ይታፈናል፤ ጥቂት አየር ካልገባ ራሷን ያማታል። ከዚያ የቆርቆሮውን ዝናብ እያዳመጠች፣ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የጻፉትን ማስታወሻ ታነባለች፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ኮድ ፈልጋ በኮምፒውተሩ ላይ መስመር በመስመር ታሰፍራለች። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ያንን አይቶ ነው።

የእጅ ቀዶ ሕክምና የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቁርጥማት የበላው የጣት አንጓ ሕመሙ እንዲቆም፣ ሁለቱ አጥንቶች በብሎን ተያይዘው አንድ አጥንት እንዲሆኑ ይደረጋል። አንጓው ከዚያ ወዲያ አያምም፤ አይታጠፍምም። ስለዚህ የትኛው እጅ፣ የትኛው ጣት፣ ስንተኛው አንጓ እንደሆነ ተለይቶ ለእያንዳንዱ አንጓ አንድ መስመር ይጻፋል። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ እርገጤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ያልተጻፈ አልተሠራም፤ የተጻፈ ደግሞ ተሠርቷል» ይሏት ነበር።

የእናቷ ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ በደረሰ ዕለት ግን ሉባባ ከማስታወሻው አልፋ ጻፈች።

እናቷ ዘሀራ ሠላሳ ዓመት በገበያው ጫፍ በእግር መኪና ልብስ የሰፋች ሴት ናት። ዶክተር ፍስሐጽዮን የቀኝ እጇን ሌባ ጣት፣ አንድ አንጓ ብቻ ሠራላት። «መሐል ጣቷም መድረሱ አይቀርም፤ እሱ ግን ለሌላ ጊዜ» አለ። ለዚህች ለአንዷ አንጓ ፈቃድ እስኪገኝ ዘሀራ እጇን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ እያቃሰተች አምስት ወር ጠብቃለች። ሉባባ ያንን ማቃሰት ዳግመኛ ላለመስማት ስትል፣ ክፍያው ከወዲሁ ተይዞ እንዲቆይ ከመጀመሪያው መስመር ሥር ሁለተኛ ጨመረች፤ መሐል ጣት። በሳምንቱ ጸደቀ።

ፋሻው ሲፈታ ዘሀራ ጣቷን እያገላበጠች ሳቀች። «አልሐምዱሊላህ! እንጨት ሆነች እንጂ አታመኝም።» ትንሽ ቆይታ፣ «ሉቤ፣ ይቺኛዋም አልታጠፍ አለችኝ» ብላ መሐል ጣቷን አሳየቻት።

«ታምሻለች?»

«ኧረ ምንም። የሌላ ሰው ጣት የተበደርኩ ነው የሚመስለኝ።»

ቆዳዋ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ አልነበረም። ዶክተር ፍስሐጽዮን ራጅ አስነሥቷት ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ተመለከተ። በመሐል ጣቷ አጥንት ውስጥ ቀጭን ነጭ ብሎን ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

«እኔ አላስገባሁም» አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎ ፋይሉን ገለጠና የገዛ እጁን መጠራጠር በጀመረ ሰው ድምፅ፣ «እዚህ ግን ሁለት ይላል። ረስቼው ይሆን?» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ፋይሉን ስትከፍት ሦስተኛ መስመር ተጽፎ አገኘች፤ የቀለበት ጣት፤ ጸሐፊዋ ሉባባ። አጠፋችው። ከምሳ ስትመለስ እዚያው ነበር፤ ቢሮው ውስጥም መስኮቱ ተከፍቶ ሳለ የማይወጣ፣ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ ተቀምጦ ነበር። አመሻሹ ላይ ቤት ገብታ ከእናቷ ጋር እያወራች ሳለ፣ ከዘሀራ እጅ አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች፤ የኮምፒውተር ቁልፍ ሲጫኑት የምትሰማዋን የመሰለች። የቀለበት ጣቷ ቀጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት አንድ መስመር ይጨመራል፤ ማታ አንድ አንጓ ይደርቃል። አሥራ አንደኛው መስመር በተጻፈ ቀን ሉባባ ዘሀራን ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ እጇን እንደ ዕቃ አስቀምጣ አገኘቻት።

«መቀሱ እንቢ አለኝ» አለች ዘሀራ፣ ቀና ሳትል። «አባትሽ የሞተ ጊዜ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ሰፍቻለሁ። እጄን ወስደው እኔን ለምን ይተዉኛል ልጄ?»

ሉባባ ሌላ ቀን መጠበቅ አልቻለችም። በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ እርገጤ ዘንድ ገባች።

«መስመር ማጥፋት ፈልጌ ነበር፤ የጸደቀ።»

«የጸደቀ?» ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ፈጣሪ ግንባርሽ ላይ የጻፈውንስ ለምነሽ ታስፍቂ ይሆናል፤ የኢንሹራንሱን ግን እንዳትሞክሪው!» ፊቷን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። «ምን ሆነሻል? በስህተት ሌላ ሰው ላይ ጽፈሽ ከሆነ ወደ ትክክለኛው ሰው ካርድ ይዛወራል። ማጥፋት የሚባል ነገር ግን የለም።»

ሉባባ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የአውራ ጣቷን ሁለት፣ የሌሎቹን ሦስት ሦስት አድርጋ አንጓዎቿን ቆጠረች፤ አሥራ አራት። አሥራ ሁለቱ ተጽፈዋል፤ ሁለት ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ከእጅ ላይ የሚወሰድ አንጓ የለም፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ግራ እጅ አላት፤ በግራ መብላት ይለመዳል፤ በግራ መጻፍም ይለመዳል። እናቷ ግን ያለ እጇ ምንም አይደለችም። የጻፈው ሰው ትክክለኛው ሰው ካልሆነ ማን ይሆናል? በእናቷ ካርድ ቁጥር ቦታ የራሷን አስገባችና ላከችው።

ምንም አልሆነም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ባንዴ አባራ፤ ዝምታው ጆሮዋን ሞላው። ልትነሣ ስትል ግን ቀኝ እጇ ከጠረጴዛው አልተነሣላትም፤ ጣቶቿ ባሉበት እንደተዘረጉ ቀርተዋል። በግራ እጇ አንሥታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ደስ ብሏት ይሁን አዝና ሳታውቅ ትንሽ አለቀሰች። ጋሽ እርገጤን አስፈቅዳ ወደ ቤቷ ሄደች።

ዘሀራ ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን እያጠፈችና እየዘረጋች ለጎረቤት ታሳያለች። «ተመልከቱልኝማ! ሌባ ጣቴ እንኳ፣ ዶክተሩ የሠራት፣ ይኸው ትታጠፋለች!» ሉባባ የደረቀ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ግንባሯን ሳመቻት፤ የእናቷ ፊት ከዓመት በፊት የነበረው ፊት ነው። ለዚህ አንድ እጅ አይበዛም አለች በልቧ።

ምሳ ቀረበ። ዘሀራ ልጇ በግራዋ ስትጨነቅ አየች፤ ግን አልጠየቀችም። እንጀራውን በዚያች በለሰለሰች እጇ ጠቅልላ ዘረጋችላት።

«ነይ፣ መጀመሪያ አንቺን ላጉርስሽ። ስንት ቀን አምሮኛል መሰለሽ።»

የእናቷ ጣቶች ሞቀው፣ በርበሬ በርበሬ እየሸተቱ ከንፈሯ ላይ ደረሱ።

«ክፈቺ እንጂ ሉቤ፣ እጄን አታቁሚብኝ» አለች ዘሀራ እየሳቀች።

ሉባባ መንጋጋዋን ልታላቅቅ ሞከረች፤ እንደ ጣቶቿ ደርቋል፤ ምንም አላመማትም።