«በሰላም» የጎደለው ዜና

በኬንያዋ ሞያሌ የሚኖረው ያገራችን ሰው መርዶ የሚያረዳው በወግ ነው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይነገረዋል፣ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ይቀመጣል። በዚህ ወግ ያደገ ሰው ስልክ ሲጨብጥ ምን ይነካዋል?

ክፍሌና ሚስቱ ወርቅአየሁ ማንያታ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር አነስተኛ ሆቴል አላቸው። አንድ ቀን ልጃቸው ማህሌት ከናይሮቢ በአውሮፕላን ትመጣለች ብለው ይጠብቁ ነበር። ወርቅአየሁ ደም ግፊት አለባት፤ ቢሆንም ከማለዳ ጀምሮ ቤቱን ስታሰናዳ፣ መንገድ መንገዱን ስታይ አረፈደች።

እኩለ ቀን ላይ አንዲት ደንበኛ ስልኳን እያየች ጮኸች። የሞያሌ ሐበሻ ሁሉ የሚከታተለው፣ አብዮት የሚባል ወጣት የሚጽፍበት የቴሌግራም ገጽ «ሰበር ዜና! የሞያሌው አውሮፕላን ተሳፋሪዎች በሙሉ አረፉ» ይላል። ከሥሩ በእሳት የሚነድ አውሮፕላን ፎቶ አለ። ወርቅአየሁ ፎቶውን አየች፣ «ማሂዬ!» አለች፣ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ክፍሌ ሊያነሳት ሲሞክር አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት አገኛት።

ሆስፒታል አስገብቷት ሲወጣ ስልኩ ጠራ።

«አባዬ፣ ደህና ነኝ። አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት በራና አብራሪዋ መሀል መንገድ ኢሲዮሎ ከተማ አሳረፈችን። ማንም አልተጎዳም፤ በመኪና እየመጣሁ ነው። እማዬ ስልኳን ለምን አታነሳም?»

«አሟት ሆስፒታል ናት፤ ብቻ አንቺ በሰላም ነይ» አላት ክፍሌ። ንዴቱ እየነዳው አብዮት ስልክ ወደሚጠግንበት ሱቅ ሄደ።

«አንተ ባለጌ! ልጄን ማን ገደላት?»

«ኧረ ጋሽ ክፍሌ፣ ማንም አልሞተም! የስዋሂሊው ዜና ‹ዋሜቱዋ ሳላማ› ነው የሚለው። ዋሜቱዋ ማለት አረፉ፣ መሬት ነኩ ነው። ምን አጠፋሁ?»

«ሳላማውስ? ‹በሰላም› የሚለውን የት ጣልከው?»

«ርዕስ ሲረዝም ሰው አይከፍትልኝም።»

«እሳቱስ?»

«እሱ የድሮ ፎቶ ነው፣ የሌላ አገር። ያለ ፎቶ ማን ያነባል? ደግሞ ሌላው ገጽ ሊቀድመኝ ነበር። ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ…»

«ኋላ!» ክፍሌ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማህም? አብራሪዋ መብራቷን ስታይ ‹ኋላ› አላለችም። አንድ ነገር ስትጠረጥር ያን ሁሉ ሰው በጥንቃቄ አወረደች። ዜናው ይህ ነበር! እሷ ያተረፈችውን ሰው አንተ በአንድ ቃል ጨረስከው። ሚስቴ አፏ ተጣሟል፣ ትሰማለህ?»

አብዮት ፊቱ ዐመድ መሰለ። ጽሑፉን ወዲያው አጠፋው፣ ማረሚያም ለጠፈ። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ! ወሬው ሩቅ ገጠር ድረስ ሄዶ ዋልዳ ደርሷል፣ ኦቦ ደርሷል። ማረሚያውን ማን አይቶት? በማግስቱ ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ መጣ፤ ማህሌት በር ከፍታ የገዛ ራሷን ለቀስተኞች ተቀበለች።

ክፍሌ አብዮትን አስጠርቶ ደጁ ላይ አቆመው። «አንተው ንገራቸው፣ ፊት ለፊት» አለው።

ለሆቴሉ ፍየል የሚያቀርቡት ሽማግሌ ጉዮ ከኦቦ በጭነት መኪና ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው፣ እያነቡ ደረሱ።

«ፖሌ ሳና፣ አባባ ጉዮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አብዮት። «አያልቅሱ፣ ልጅቷ በሕይወት አለች። ሳላጣራ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ጉዮ እንባቸውን በሽርጣቸው ጠርገው አዩት። «እናትየው እዚህ ብትቆም፣ ዓይኗን እያየህ ‹አረፉ› ትላታለህ?»

«አልላትም።»

«እና በስልክ ለምን አልካት?»

አብዮት ሰው በተሰበሰበበት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ሳያጣራ አይጽፍም፣ የሌላ አደጋ ፎቶ አይለጥፍም፤ ሌላው ገጽ ቢቀድመውም ይቀድመው ይላል። ጥሩ ነው። እናንተስ፣ ያንን ዜና ሳታነቡ ለሌላ ያስተላለፋችሁ ሁሉ? አብዮት ብቻውን ኦቦ አላደረሰውም! አውሮፕላን ችግር ገጠመው ሲባል በሰማችሁ ጊዜ፣ ከጣታችሁ በፊት የተሳፋሪዋን እናት አስቡ።

ወርቅአየሁ ከሆስፒታል ወጥታለች። የልጇን ስም ግን ዛሬም ጨርሳ መጥራት አልቻለችም። «ማ… ማ…» ትላለች፤ ማህሌትም የማይታዘዘውን እጇን ይዛ «አለሁ፣ እማዬ፣ አለሁ» ትላታለች።